ልደብቀው የነበረው ልጄ

ባለፈው ኅዳር፣ የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሴት ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ጠዋት እንደሚመጡ ተነገረኝ። ደስ አለኝ። ልጅን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት የወላጅ ሁሉ ምኞት ነው። ደስታው ግን አንድ ሌሊት እንኳ አብሮኝ አላደረም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የማስበው ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ታላቅ ወንድሟ ነበር። እሑድ ጠዋት እሱ የት ይሁን?

ሐሙስ ማታ ጠራሁትና፣ "እሑድ አክስትህ ጋ ብትውል ምን ይመስልሃል? ናፍቀሃታል" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና "እሺ አባዬ" አለ። ወደ ክፍሉ መንገድ ከጀመረ በኋላ ዞር ብሎ፣ "ነጩን ሸሚዜን ለእሑድ ብዬ ተኩሼው ነበር። አክስቴ ጋ ለብሼው ልሂድ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ሽማግሌዎቹ የነገረው ሰው እንዳለ እንኳ አላወቅኩም ነበር። እሱ ግን ሁሉንም ያውቃል። ለምን ከቤት እንዲወጣ እንደፈለግኩም ያውቃል።

ልጄ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ካገኘው ዐሥር ዓመት አልፎታል። ዛሬ 31 ዓመቱ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ብዙ ስለማውቅ አይደለም፤ ብዙ ስለተሳሳትኩ ነው። እኔ በዐሥር ዓመት የተማርኩትን ሌላ አባት፣ ሌላ እናት፣ ሌላ አያት በዐሥር ደቂቃ ቢያነበው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ልጄ ጎበዝ ተማሪ ነበር። በ2006 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለ፣ ለዕረፍት ቤት መጣ። ያ የምናውቀው ተጫዋች ልጅ አልነበረም። ሌሊት አይተኛም። የመኝታ ክፍሉን መስኮት በጋዜጣ ሸፈነው። ጎረቤት ቴሌቪዥን ሲከፈት "ስለ እኔ እያወሩ ነው" ይላል። ሰው በሌለበት መልስ ይሰጣል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ብቻውን ይስቃል። እናቱ "ልጄን ዓይን አገኘው" አለች። ጎረቤቶች "መተት ነው" አሉ። እኔ ደግሞ ጫት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሻንጣውን ፈትሼ አንዲት ቅጠል ሳላገኝ እንኳ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ተማሪዎቼን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ "አሠራሩን አሳዩኝ" ስል የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ልጄ ሳላሰላ መልስ ጻፍኩለት።

እናቱ ይዛው ጸበል ሄደች። አራት ወር እዚያው ከረሙ። "እንዳይጠፋ፣ ሰውም እንዳይጎዳ እግሩ ይታሰር ወይ?" ብለው በስልክ ሲጠይቁኝ፣ "ይታሰር" ያልኩት እኔ ነኝ። ማንንም ነክቶ አያውቅም ነበር። ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተወው ጠባሳ ዛሬም ካልሲ ሲያጠልቅ ይታየኛል።

ጸበሉን ለመንቀፍ አይደለም። እናቱ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጸበል ታጠጣዋለች፣ እኔም አሜን እላለሁ። የኛ ስህተት ጸበል መሄዳችን ሳይሆን፣ ወደ ሐኪም ከሄድን እምነት ያነሰን መስሎን መቅረታችን ነው። በኤችአይቪ ጊዜ የሃይማኖት አባቶች "ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ" ብለው ስንቱን ሰው እንዳዳኑ እናስታውሳለን። ለአእምሮ ሕመምም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በመጨረሻ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰድነው። አማኑኤል ለረጅም ዘመን የሀገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ በየሠፈሩ መቀለጃ ሆኗል። እኔም ራሴ ክፍል ውስጥ የሚረብሸኝን ተማሪ "አንተን አማኑኤል ነው የሚያስፈልግህ" እያልኩ አስቄበታለሁ። ልጄን ክንዱን ይዤ በዚያ በር ስገባ ያ ቀልዴ ትዝ አለኝ።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን። ስኪዞፍሬኒያ ማለት ሰውየው ሁለት ማንነት አለው ማለት አይደለም። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ኦይገን ብሎይለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው። ከግሪክኛ የመጣው ቃል "የተከፈለ አእምሮ" የሚል ፍቺ ስላለው ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሕመሙ ግን ሌላ ነው። አእምሮ ከውጭ የመጣውን ነገርና ራሱ የፈጠረውን መለየት ያቅተዋል። በአንጎላችን ውስጥ መልእክት ከሚያስተላልፉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ዶፓሚን ይባላል፤ ሌላ ሌላው ሥራው እንዳለ ሆኖ፣ "ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል" የሚለውን ምልክት ይሰጣል። ይህ ሲዛባ የጎረቤት ሳልም፣ የመኪና ጥሩምባም ለእሱ ብቻ የተላከ መልእክት ይመስለዋል። የሚሰማው ድምፅ ለእሱ የእውነት ድምፅ ነው። እኔ አሁን የማወራዎትን ያህል ይሰማዋል።

ድምፅ መስማትና ሰው ያሳድደኛል ብሎ መፍራት ጎልተው የሚታዩት ምልክቶች ናቸው። ከነዚህ ጀርባ ግን ዝም ያሉ ምልክቶችም አሉ። ገላን ለመታጠብ መታከት፣ ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ወሬ ማጠር፣ ፊት ላይ ደስታም ሐዘንም አለመታየት፣ የጀመሩትን አለመጨረስ። እኔ እነዚህን ስንፍና ብዬ ነበር የምጠራቸው። ሐኪሙ "ይህም የሕመሙ አካል ነው፤ እንዲያውም መድኃኒት ቶሎ የማይመልሰው ይህኛው ነው" ሲለኝ አላመንኩትም።

ከዚያ ደግሞ የሁላችንም ጥያቄ መጣ። ከየት መጣ? ቤታችን ውስጥ በዚህ ጥያቄ ስንት ሌሊት እንደተጣላን አልነግራችሁም። ሚስቴ፣ ብቻውን እያወራ የሚሄድ አንድ አጎት እንደነበረኝ አስታወሰችኝ። እኔ "አንቺ አሞላቀሽው" አልኳት። ለካ በዚህ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ50ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ጭምር ሕመሙን የሚያመጣው የእናት አስተዳደግ ነው እያሉ እናቶችን ያስለቅሱ ነበር። ስህተት መሆኑ ታውቆ ቀርቷል። እናቱ አላመጣችውም። እኔም አላመጣሁትም።

ሐኪሙ ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ ነገረን። ዘር ድርሻ አለው። ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ከጠቅላላው ሕዝብ በዕድሜው ይህ ሕመም የሚይዘው ከ100 ሰው 1 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ወንድም ወይም እህት ካለበት ከ100 ወደ 9 ገደማ ይደርሳል። ሆኖም ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው የሚታመመው ግማሽ ያህል ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ስለዚህ ዘር ብቻውን አይወስንም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም ችግር፣ በልጅነት የደረሰ ከባድ መከራ፣ በወጣትነት ካናቢስ ማጨስ፣ ከሀገር ርቆ መሰደድ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። ጫትም የታመመውን ሰው ሊያብስበት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው፤ ወንዶችን ከሴቶች ቀደም ብሎ ይይዛል። ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ወይም ሥራ በሚጀምሩበት ዕድሜ ማለት ነው። እኛም "ትምህርት አናቱ ላይ ወጣበት" የምንለው ለዚህ ይሆናል።

መድኃኒት ተጀመረ። መጀመሪያ የታዘዘለት ሃሎፔሪዶል ድምፆቹን አራቀለት። ግን አንገቱ ይገተራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። ለሐኪሙ ብንነግረው ማስታገሻ ነበረው፤ መጠኑንም ማስተካከል ይቻል ነበር። አልነገርነውም። ልጄ ክኒኑን ከምላሱ ሥር እየደበቀ ይተፋው ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ መስኮቱ እንደገና በጋዜጣ ተሸፈነ። አንድ ሌሊት ከቤት ወጣና ዘጠኝ ቀን ጠፋ። በባዶ እግሩ ሲሄድ አንዲት ሻይ ሻጭ ሴት አግኝታ፣ ዳቦ አብልታ፣ የእናቱን ስልክ ቁጥር ጠይቃው ደወለችልን። ቁጥሩን አልረሳውም ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ተቀይሮለት በወር አንዴ በመርፌ ይወስዳል። ክኒን ዋጥክ አልዋጥክ የሚለው ጭቅጭቅ በዚያው አበቃ።

ጭቅጭቁ አበቃ ስል ስለ ክኒኑ ማለቴ ነው። የኔ ጩኸት ቀጥሎ ነበር። "ተነስ! ታጠብ! ጓደኞችህ የት ደረሱ? እስከ መቼ ነው?" እል ነበር። የምጮኸው ስለምወደው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቀን በክትትል ቀጠሮ ላይ፣ ቤተሰብ የምታስተምረው ሲስተር አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "አባት፣ በቀን ስንት ጊዜ በቁጣ ይናገሩታል?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እስቲ ይቁጠሩ" አለችኝ። ለሒሳብ መምህር ይህ ቀላል የቤት ሥራ ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ገልብጬ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ሰረዝ አሰምር ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ማታ ስቆጥር 17 ሰረዝ ነበር። አሥራ ሰባት! ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ሳስተምር እንኳ በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ አልቆጣም ነበር።

ሲስተሯ ለምን እንደጠየቀችኝ በሚቀጥለው ቀጠሮ ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ተከታትሎ አንድ ያልጠበቀው ነገር አገኘ። ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ሚስቶቻቸው ከተመለሱት መካከል፣ ተከራይተው ወይም ከወንድምና ከእህት ጋር ከኖሩት ይልቅ ብዙዎቹ ተመልሰው ታመሙ። ነገሩ በኋላ ሲጠና ወቀሳ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ ጥበቃ የበዛበት ቤት ሕመሙን ቶሎ እንደሚቀሰቅሰው ታወቀ። "ልብ በሉ፣" አለችን፣ "ሕመሙን ቤተሰብ አላመጣውም። ግን የቤቱ ድምፅ ረጋ ሲል እሱም ይረጋል። ቤተሰብ ይህን ሲማር ተመልሶ የመታመሙ ዕድል ይቀንሳል።" እኔ ወቃሹ ነበርኩ። እናቱ ደግሞ ጫማውን እስከ ማሰር ድረስ ሁሉን የምታደርግለት ነበረች። ሁለታችንም ስንማር ዋልን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ቀስ እያለ ተለወጠ። "ጎረቤቶቹ እያሙኝ ነው" ሲለኝ ድሮ "ማንም አላማህም፣ አትቃዥ!" እለው ነበር። አሁን አልከራከረውም፤ እውነት ነው ብዬም አልዋሸውም። "እኔ አልሰማሁም። አንተን ግን እንዳስጨነቀህ ይታየኛል። ና፣ ወጣ እንበል" እለዋለሁ። አንድ ነገር ባንድ ጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ "ተነስ፣ ታጠብ፣ ልበስ፣ ውጣ" ብዬ አላዥጎደጉድበትም። ጠዋት ዳቦ የመግዛትና ዶሮዎቹን የመቀለብ ሥራ የሱ ሆነ። እንቁላሉን ለሱቅ ያስረክባል፣ ገንዘቡም የራሱ ነው። እንቅልፍ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከጠፋ ወይም እጁ ወደ መስኮቱ ጋዜጣ ከሄደ ቀጠሮውን ሳንጠብቅ ወደ ሐኪም እንደምንሄድ አብረን ተስማማን። ከዚህ ስምምነት በኋላ ሁለት ጊዜ ሄደናል። ሁለቱንም ጊዜ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። የቀን መቁጠሪያውን ጀርባ ማስመር ያቆምኩት ሳምንቱ በሦስት ሰረዝ ያለቀ ዕለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተምሬያለሁ ያልኩት ሰው ነኝ፣ ባለፈው ኅዳር ልጄን አክስቱ ጋ ልደብቅ የነበረው።

ዓርብ ማታ ሴት ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "አባዬ፣ ልጁ እኮ ከዓመት በፊት ያውቃል። ከወንድሜ ጋር ዳማ ይጫወታሉ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "እሑድ ከደበቅነው በሠርጌም ቀን እንደብቀዋለን። ስወልድስ? ልጆቼ አጎታቸውን የት ያገኙታል?" አለች። ቤቱ ውስጥ የቀረሁት ደባቂ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ዳቦ ይዞ ሲመለስ፣ "አክስትህ ጋ ሌላ ቀን ትሄዳለህ። ነገ እዚሁ አስፈልገኛለህ" አልኩት። "በሩን እኔ ልክፈትላቸው?" አለ። "አንተ ክፈትላቸው" አልኩት።

እሑድ ጠዋት በሩን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከፈተ። ሽማግሌዎቹ አራት ነበሩ። እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ልጄ ወንበር ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ነበርና ወጉን አያውቀው፣ "አባቶች፣ ቁጭ ብላችሁም እኮ ይሰማል" አለ። ሳቁ፤ ተቀመጡም። በኋላ፣ ልጄ ውሃ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ታላቅየው ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁኝ።

ለዚህ ጥያቄ ዐሥር ዓመት የተጠቀምኩበት መልስ ነበረኝ። "ትምህርቱን አቋርጦ ትንሽ አርፎ ነው" እል ነበር። ያን ቀን ግን፣ "ታሟል። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው። በየወሩ መርፌ ይወስዳል፤ ዶሮዎቹን የሚያረባውም እሱ ነው" አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሌላኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዘር ነው?" አሉ። እንደሚጠየቅ አውቅ ነበር። ከሐኪሙ የሰማሁትን ቁጥር ነገርኳቸው። የልጄ ልጆች፣ አጎታቸው ቢታመምም፣ ይህ ሕመም የሚይዛቸው ከ100 ወደ 3 ወይም 4 ገደማ ነው። ከ100 ውስጥ 96 ወይም 97 ያህሉ አይያዙም። "ይህን ሰምታችሁ ብትመለሱ አልቀየምም። ሳትሰሙ ብትቀሩ ግን እኔ ዋሽቻለሁ ማለት ነው" አልኩ። እናቱ አንገቷን ደፍታ ነበር። ልጄ ውሃውን ይዞ ሲገባ ስንት ቃል እንደሰማ አላውቅም። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

"ተነጋግረን እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። ሦስት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ሚስቴ ዓይኔን ለማየት ፈራች። ልጄም አንድ ማታ "በኔ ነው አይደል የቀሩት?" አለኝ። "በኔ ነው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አልኩት።

በአራተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። የደወሉት ያን ቀን አንዲት ቃል ያልተናገሩት አራተኛው ሽማግሌ ነበሩ። ስለ ጋብቻው መሰለኝ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያንን መርፌ የሚሰጡት የት ነው?" አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጓሮ ካለች ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ምግብ በመስኮት ነው የሚገባለት። ጎረቤት የሚያውቀው ዐረብ ሀገር እንደሄደ ነው።

ይህን ስሰማ ሲስተሯ የነገረችን የቡታጅራ ጥናት ትዝ አለኝ። ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት እየጠየቁ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሲፈልጉ፣ ካገኟቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። በየጓሮው ያለውን ሰው ሐኪም አያውቀውም። ሐኪም እንዲያውቀው መጀመሪያ አንዱ ዘመድ አፍ አውጥቶ መናገር አለበት።

በማግስቱ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ለመጀመሪያው ቀጠሮ እኔና ልጄ አብረናቸው ሄድን። ወጣቱ ከመኪና አልወርድም ብሎ ሲያስቸግር፣ ልጄ አጠገቡ ገብቶ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ቆየ። በመጨረሻ "እኔም ይሰማኝ ነበር" አለው። ተያይዘው ወረዱ።

ስለ ጋብቻው ለምትጠይቁኝ፣ ቀለበቱ ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጄ ነጩን ሸሚዝ ጠቦኛል ብሎ በእንቁላሉ ገንዘብ አዲስ ገዝቷል።